አሮጌው ሶፍትዌር አዲሱ ኮምፒውተር ላይ ለምን ያኮርፋል?

መንገድ ዲዛይን የሚሠራ አንድ ወዳጄ ድሬዳዋ፣ ታይዋን የሚባለው ገበያ ወርዶ አዲስ ላፕቶፕ ገዛ። ሃያ ዓመት እንጀራ የበላባቸውን ፕሮግራሞች በፍላሽ ይዞ ከዚራ፣ ከዛፍ ጥላ ሥር ወዳለችው ሻይ ቤታችን መጣና ላፕቶፑን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋው።

«አቦ ተበላሁ! ይሄ ማሽን አንዱንም አልቀበል አለኝ። ሁሉም እምቢ አሉ።»

«እስቲ አንድ በአንድ ክፈታቸው» አልኩት።

የመጀመሪያው ገና መጫኛውን ሲነካው «ይህ መተግበሪያ በዚህ ኮምፒውተር ላይ ሊሠራ አይችልም» የሚል መልእክት ወጣ። ሁለተኛው ያለ አንዳች ኮሽታ ተጫነ፤ ሲከፈት ግን «ቁልፉ አልተገኘም» ብሎ ተዘጋ። ሦስተኛው ተጫነ፣ ተከፈተ፣ ሠራም፤ ምልክቶቹ ግን የጤፍ ፍሬ አክለው ዓይን የሚያጠፉ ሆኑ። ወዳጄ «እምቢ አሉ» ብሎ የጠቀለላቸው ሦስት የተለያዩ በሽታዎች ናቸው፤ የአንዱ መድኃኒት ለሌላው አይሆንም።

አሮጌ የምህንድስና ሶፍትዌር አዲስ ዊንዶውስ ላይ ሲቸገር፣ ብረቱን የሚያሰላው፣ ውኃውን የሚለካው፣ መስመሩን የሚስለው ዋናው ክፍል የሚታመመው ከስንት አንዴ ነው። ሒሳብ አያረጅም። የሚታመሙት በዙሪያው ያሉት ናቸው፦ መጫኛው፣ የፈቃድ ቁልፉ፣ ኬብሉ፣ ፎንቱ፣ ፋይል የሚያስቀምጥበት ቦታ። ሥራው የታመመውን መለየት ነው። እኛ ዘንድ ግን የኮምፒውተር የመጀመሪያም የመጨረሻም መድኃኒት ፎርማት ነው፤ ለምን እንደሆነ አላውቅም።

ጠባቡና ሰፊው ሐዲድ

የመጀመሪያውን በሽታ ለድሬ ልጅ ለማስረዳት ሩቅ መሄድ አያሻም። እ.ኤ.አ. በ1902 እዚህ የደረሰውና ከተማዋን የወለደው የአሮጌው ባቡር ሐዲድ ስፋት 1 ሜትር ነው። አዲሱ የአዲስ አበባ–ጅቡቲ መስመር ደግሞ 1,435 ሚሊ ሜትር። የድሮው ፉርጎ ጎማው ደህና፣ አካሉ ደህና ቢሆንም አዲሱ ሐዲድ ላይ አይቆምም። ያልገጠመው ሐዲዱ ነው።

ለሶፍትዌር ሐዲዱ «ቢት» የሚባለው ነው። በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ መጀመሪያ (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) የተጻፉት የዶስ (ከዊንዶውስ በፊት የነበረው ሥርዓት) እና የቀድሞው ዊንዶውስ ፕሮግራሞች በአብዛኛው 16 ቢት ናቸው። ከዊንዶውስ 95 ጀምሮ 32 ቢት ተለመደ፤ የዛሬው 64 ቢት ነው። ቁጥሩ፣ በግርድፉ ሲነገር፣ ፕሮሰሰሩ በአንድ ጊዜ የሚይዘውን ቁጥርና የማስታወሻ አድራሻ ርዝመት ይነግራል። በ32 ቢት የሚቆጠረው አድራሻ 4,294,967,296 ነው፤ ማለትም 4 ጊጋባይት። ከዚያ በላይ ራም ብትጨምሩለት ፕሮግራሙ አያየውም። የአንድ ሰፊ ተፋሰስ ኮንቱር (የከፍታ መስመሮች) ሲከፈት የድሮው ፕሮግራም ታፍኖ የሚወድቀው በዚህ ነው።

64 ቢት ዊንዶውስ ለ32 ቢት ፕሮግራሞች የተለየ ማስተናገጃ አለው። በአንዳንድ አገሮች ጠባብና ሰፊ ባቡር በአንድ መስመር እንዲሄዱ ሦስተኛ ሐዲድ እንደሚጨመረው ማለት ነው። ለዚህ ነው የሃያ ዓመት ዕድሜ ያለው ብዙ የ32 ቢት ፕሮግራም ዛሬም ሳያንገራግር የሚሠራው። ሲ ድራይቭ ውስጥ «ፕሮግራም ፋይልስ» የሚል ፎልደር ሁለት ሆኖ፣ አንዱ መጨረሻው ላይ «ኤክስ86» ተጽፎበት የምታዩት የእነዚህ ማረፊያ ስለሆነ ነው። እዚህ ላይ ስንቱን ያሳሳተ ቀልድ አለ። «ሲስተም32» የሚባለው ፎልደር የሚይዘው የ64 ቢት ፋይሎችን ነው፤ የ32 ቢቶቹ ያሉት «ሲስ-ዋው-64» የሚባለው ውስጥ ነው። ስሙ ግልባጭ የሆነው የቆዩ ፕሮግራሞች «ሲስተም32» የሚለውን ስም በቀጥታ ስለሚጠሩ እንዳይረበሹ ተብሎ ነው። እናም አንድ አሮጌ ፕሮግራም የጎደለው የዲኤልኤል ፋይል (ፕሮግራሞች የሚጋሩት አጋዥ ፋይል) አለ ብላችሁ ስትቀዱለት ስሙን አትመኑ።

ለ16 ቢት ግን ሦስተኛ ሐዲድ የለም። 32 ቢት ዊንዶውስ፣ ዊንዶውስ 10 ድረስ፣ የዶስ ዘመን ፕሮግራሞችን የሚያስተናግድ ክፍል ነበረው። በ64 ቢቱ ውስጥ ይህ ክፍል የለም። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ከመጀመሪያው በ64 ቢት ብቻ የወጣ ነው። ስለዚህ በዚህ ማሽን ላይ የትኛውንም ቅንብር ብትነካኩ የ16 ቢት ፕሮግራም በቀጥታ አይነሣም።

የወዳጄ ፕሮግራም ችግር ግን ከዚህም የረቀቀ ነበር። ፕሮግራሙ ራሱ 32 ቢት ነው። 16 ቢት የሆነው መጫኛው ብቻ ነው! በ1990ዎቹ ብዙ ኩባንያዎች አዲሱን ፕሮግራማቸውን በአሮጌ መጫኛ ጠቅልለው ይሸጡ ነበር፤ ዳቦው ትኩስ፣ ሳጥኑ የዛገ። ዊንዶውስ ከእነዚህ መጫኛዎች የታወቁትን ጥቂቶቹን ለይቶ በ32 ቢት ይተካቸዋል፤ የእርሱ ከዚያ ዕድለኛ ዝርዝር ውጭ ነበር። መውጫው ፕሮግራሙን አሮጌ ኮምፒውተር ላይ ጭኖ ፎልደሩን መቅዳት ነው። ለቀላል ፕሮግራም ይሠራል። ሬጂስትሪ (የዊንዶውስ የቅንብር መዝገብ) ውስጥ ብዙ የሚጽፍ ከሆነ ግን ፎልደሩ ብቻውን አይበቃም፤ ያኔ ወደ ኋላ የማነሣው ቨርችዋል ማሽን ያስፈልጋል።

ቁልፍና ኬብል

ሁለተኛው ፕሮግራም የሚፈልገው ቁልፍ በምህንድስና ሶፍትዌር ዓለም ዶንግል የሚባለው ነው፤ ኮምፒውተሩ ላይ የሚሰካ ትንሽ ዕቃ። እርሱ ከሌለ ፕሮግራሙ አይከፈትም። ሃስፕና ሴንቲኔል የሚባሉት በብዛት የሚታወቁት ናቸው። ቁልፉን ከዊንዶውስ ጋር የሚያነጋግረው ድራይቨር ነው፤ ድራይቨር ደግሞ እንደ ተራ ፕሮግራም ዳር ላይ ሳይሆን በሥርዓቱ እምብርት ውስጥ ነው የሚሠራው። እምብርቱ ውስጥ ደግሞ ሦስተኛ ሐዲድ የለም። የ32 ቢት ድራይቨር 64 ቢት ዊንዶውስ ውስጥ ጭራሽ አይገባም። የ64 ቢት ቢሆንም ከዊንዶውስ ቪስታ ጀምሮ ዲጂታል ፊርማ ካልተደረገበት በር ላይ ይመለሳል። ፕሮግራሙ ገብቶ ቁልፉ ውጭ የቀረው ለዚህ ነው።

ከሲዲው ጋር የመጣውን የድሮ ድራይቨር ደጋግሞ መጫን ጉልበት መጨረስ ነው። ፍለጋው የሶፍትዌሩ ኩባንያ ዘንድ ሳይሆን ቁልፉን የሠራው ኩባንያ ዘንድ ይሁን፤ ለቆዩ የዩኤስቢ ቁልፎች ብዙ ጊዜ አዲስ ድራይቨር ይገኛል። የወዳጄ እንዲህ ነው የዳነው። ቁልፉ ባለ 25 ቀዳዳው የፕሪንተር ሶኬት ላይ የሚሰካው ዓይነት ከሆነ ግን ነገሩ ይከብዳል። ዩኤስቢን ወደዚያ ሶኬት የሚቀይሩት ኬብሎች ለፕሪንተር የተሠሩ ናቸው፤ ዶንግል በአብዛኛው አይሠራባቸውም።

ስለ ክራክ፣ ፕሮግራሙን ያለ ፈቃድ ቁልፍ ስለሚያስከፍተው ዘዴ፣ አንድ ነገር ልበል፤ ሁላችንም ስለምናውቀው መደበቁ አይጠቅምም። ከሕጉ ሌላ፣ ክራክ የፕሮግራሙን ሆድ ቀዶ የሚገባ ነገር ነው። አዲሱ ዊንዶውስ «ቫይረስ» ብሎ ሲሰርዘው አንዳንዴ እውነቱን ነው፣ አንዳንዴ አይደለም፤ የትኛው እንደሆነ እናንተ በዓይን አትለዩትም። በተቀደደ ሆድ የተሰላ የድልድይ ምሰሶ ላይ እኔ አልፈርምም።

ኬብል ካነሣን ቶታል ስቴሽን (ርቀትና ማዕዘን የሚለካ የቅየሳ መሣሪያ) ያላቸው ቀያሾች ሥቃያቸው ሌላ ነው። የቆየው መሣሪያ መረጃውን የሚያወጣው በሲሪያል ወደብ ነው፤ አዲስ ላፕቶፕ ላይ ይህ ወደብ የለም። ስለዚህ ከገበያ የዩኤስቢ መቀየሪያ ይገዛል። ብዙዎቹ ርካሽ መቀየሪያዎች ውስጥ ያለው ቺፕ ፕሮሊፊክ የሚባል ኩባንያ ነው፣ ወይም የፕሮሊፊክ አስመስሎ የተሠራ። ኩባንያው የቆዩ ቺፖቹን ከአዲሶቹ ዊንዶውሶች ድራይቨር ስላወጣና አስመስለው የተሠሩትን የሚለይ ድራይቨር ስላመጣ፣ ትናንት ሲሠራ የነበረ ኬብል ዛሬ ዲቫይስ ማኔጀር (የዊንዶውስ የተሰኩ ዕቃዎች ዝርዝር) ውስጥ ቢጫ ምልክት ለብሶ ይገኛል። ቀያሹ መሣሪያው የተበላሸ ይመስለውና ያን የሚያህል ዕቃ ተሸክሞ አዲስ አበባ ይሄዳል። ኬብሉን ቀይሩት፤ የኤፍቲዲአይ ቺፕ ያለው ትንሽ ይወደዳል እንጂ ብዙ አያስቸግርም። ኬብሉ ደህና ሆኖ ፕሮግራሙ አላየውም ካለ ደግሞ የወደቡን ቁጥር ተመልከቱ። የድሮ ፕሮግራሞች ብዙ ጊዜ ከኮም1 እስከ ኮም4 ብቻ ነው የሚያሳዩት፤ ዊንዶውስ ኮም7 ሰጥቶት ሊሆን ይችላል። ዲቫይስ ማኔጀር ውስጥ ወደቡን ከፍቶ፣ በላቀው ቅንብር ሥር ቁጥሩን ዝቅ ማድረግ ይቻላል። በፋብሪካዎቻችን ያሉ የድሮ ፒኤልሲዎችን (ማሽን የሚቆጣጠሩ ትንንሽ ኮምፒውተሮችን) ፕሮግራም የሚያደርጉ ሰዎችም የሚሰናከሉት እዚሁ ላይ ነው።

ዝም ብሎ የሚሳሳተው

እስካሁን ያልኳቸው ጮኸው የሚታመሙ ናቸው፤ አልከፈትም ይላሉ፣ ይዘጋሉ። እኔን የሚያስፈራኝ ሳይጮህ የሚሳሳተው ነው።

አንድ ቢሮ ውስጥ ሁለት ሠራተኞች አንድ ኮምፒውተር በየራሳቸው መግቢያ ይጋሩ ነበር። አንደኛው የፕሮግራሙን የቁሳቁስ ዝርዝር ያስተካክላል፤ ሌላው ሲከፍት የድሮው ቁጥር ነው የሚታየው። «አንተ ነህ የመለስከው፣ አይ አንተ ነህ» እየተባባሉ ተኳርፈው ነበር። ጥፋቱ የሁለቱም አልነበረም። የድሮ ፕሮግራሞች የራሳቸውን ፋይል የሚጽፉት እዚያው በተጫኑበት ፎልደር ውስጥ ነው። ከቪስታ ወዲህ ግን ተራ ተጠቃሚ «ፕሮግራም ፋይልስ» ውስጥ መጻፍ አይፈቀድለትም። ዊንዶውስ ፕሮግራሙ እንዳይወድቅ ብሎ ጽሑፉን በዝምታ ወደ ሌላ ቦታ ያዞረዋል፤ «ቨርችዋል ስቶር» ወደሚባል፣ በየተጠቃሚው ስም ሥር ወደተደበቀ ፎልደር። ስለዚህ ያ ፋይል ሦስት ሆነ፦ ዋናው፣ የአንደኛውና የሌላው። ሁለት ሰዎች አንድ ቢም (አግዳሚ ተሸካሚ) በሁለት ዓይነት ኮንክሪት ሊያሰሉ ይችሉ ነበር። መፍትሔው ቀላል ነው፦ አሮጌውን ፕሮግራም «ፕሮግራም ፋይልስ» ውስጥ አትጫኑት። ሲ ላይ የራሱን አጭር ፎልደር ክፈቱለት፣ የመጻፍ ፈቃድ ስጡት።

ሁለተኛው ዝምተኛ ነጥብና ነጠላ ሰረዝ ነው። ጅቡቲ ጎረቤታችን ስለሆነች በፈረንሳይኛ የተቀናበረ ላፕቶፕ ድሬ ላይ እንግዳ አይደለም። ፈረንሳይኛ ሦስት ተኩልን የሚጽፈው በነጥብ ሳይሆን በነጠላ ሰረዝ ነው። የቆየ ፕሮግራም ከዚህ ጋር ሲገናኝ 3.5ን 3 ብሎ ሊያነብ ይችላል፤ 35 ሊያደርገውም ይችላል። 35 ቢሆን ታዩታላችሁ። 3 ከሆነ ግን ማን ያየዋል? ከመጀመሪያው ስሌት በፊት የዊንዶውስን የአካባቢ ቅንብር ከፍቶ የአስርዮሽ ምልክቱ ነጥብ መሆኑን ማረጋገጥ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።

ስለዚህ ፕሮግራሙ ተከፈተ ብላችሁ አትደሰቱ። ከዚህ በፊት በአሮጌው ማሽን ያሰላችሁትን፣ መልሱ በወረቀት ታትሞ የተቀመጠ አንድ ፕሮጀክት ውሰዱ። በአዲሱ ላይ ዳግም አስሉት፣ ቁጥር በቁጥር አነጻጽሩ። እኔ ይህን ሳላደርግ ማንንም «ጨርሻለሁ» አልልም።

ግዕዝ ሲገባበት

ይህ ሕመም የእኛው የራሳችን ስለሆነ ሌላ አገር የተጻፈ መመሪያ ውስጥ አታገኙትም።

አዲስ ኮምፒውተር ሲከፈት ዊንዶውስ ስም ይጠይቃል። አንዳንዱ በኩራት ስሙን በፊደላችን ይጽፋል። ደስ ይላል፤ ግን ዊንዶውስ በዚያ ስም የተጠቃሚ ፎልደር ይፈጥርና ጊዜያዊ ፋይሎችን ሁሉ በሥሩ ያስቀምጣል። ዩኒኮድን፣ የዓለምን ፊደላት የሚይዘውን የጋራ ኮድ፣ የማያውቅ ፕሮግራም ፊደላትን የሚያነበው በአሮጌው የኮድ ገጽ ነው፤ ለአማርኛ ደግሞ ዊንዶውስ ውስጥ እንዲህ ያለ የኮድ ገጽ ኖሮ አያውቅም። ፕሮግራሙ የሚያየው የጥያቄ ምልክት ድርድር ነው። መጫኛው ፋይሉን ሊያራግፍ ሲል ቦታውን ያጣና ትርጉም የለሽ ስሕተት ጽፎ ይቆማል። የስሙን አጻጻፍ በኋላ መቀየር የፎልደሩን ስም አይቀይረውም፤ በላቲን ፊደል ሌላ አካውንት መክፈት ነው የሚያዋጣው።

የድሮ ድሮዊንጎችስ? ግዕዝ ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ እኛ ሀገር ቢሮዎች ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመት በቪዥዋል ግዕዝና በፓወር ግዕዝ ፎንቶች ነበር የሚጽፉት። እነዚያ የቆዩ ፎንቶች የአማርኛን ቅርጽ በላቲን ፊደላት ኮድ ላይ የለበሱ ናቸው። አዲስ ማሽን ላይ ፎንቱ ከሌለ ልብሱ ይወልቃል፤ የሥራው ስም፣ የቀበሌው ስም፣ የአሠሪው ስም የተጻፈበት የርዕስ ሳጥን በእንግሊዝኛ ፊደልና በምልክት ይሞላል። ሰው ደንግጦ «ፋይሉ ተበላሽቷል» ይላል። አልተበላሸም። ፎንቱን ከአሮጌው ማሽን ቀድታችሁ ብትጭኑት ይመለሳል። ፎንቱን ኒያላ ወደሚባለው የዩኒኮድ ፎንት መቀየር ግን አያድንም፤ ከሥር ያለው ኮድ አሁንም ላቲን ነው። ወይ ቀያሪ ፕሮግራም፣ ወይ እንደገና መጻፍ።

አውቶካድ ላይ የተቀመጡት

ብዙዎቻችን አሮጌ አውቶካድ (ድሮዊንግ የሚሠራበት ሶፍትዌር) ላይ የሙጥኝ የምንለው ለአውቶካድ ብለን አይደለም፤ በላዩ ለተጫነው ነገር ነው። ኢግል ፖይንትን የመሰለ የመንገድ ዲዛይን ሶፍትዌር በአውቶካድ ጀርባ ላይ የሚቀመጥ ነው፤ ፈረሱ ሲቀየር ኮርቻው አይገጥምም። እንዲህ ያሉ ጭማሪዎች በአብዛኛው የተጻፉበት አሠራር በአውቶካድ ትውልድ የተገደበ ነው፦ ለ2000 የተሠራው እስከ 2002፣ ለ2004 የተሠራው እስከ 2006፣ ለ2007 የተሠራው እስከ 2009 ያገለግላል፤ ከዚያ በኋላ አዲስ ሆኖ መጻፍ አለበት። ቢሮአችን ውስጥ በሊስፕ ቋንቋ የተጻፉ ትናንሽ ፕሮግራሞች ግን ጠንካሮች ናቸው፤ ከዘመን ዘመን ይሻገራሉ። በቪቢኤ ቋንቋ የተጻፈ ማክሮ ካላችሁ ከአውቶካድ 2010 ጀምሮ ለብቻው መጫን የሚያስፈልገው ክፍል አለ፤ እርሱን ሳይጭኑ «ማክሮዬ ሞተ» ማለት አይገባም። አውቶካድ ራሱ 64 ቢት የሆነው ከ2008 እትም ጀምሮ ነው፤ ከ2020 ወዲህ ደግሞ 32 ቢት ጭራሽ የለውም።

የድሮዊንጉ ፋይል በየትኛው ዘመን እንደተጻፈ ለማወቅ አውቶካድ አያስፈልግም። በኖትፓድ ክፈቱት። የማይነበብ ዝባዝንኬ ይወጣል፣ የመጀመሪያዎቹ ስድስት ምልክቶች ግን ግልጽ ናቸው፦ ኤሲ1015 ከሆነ የ2000፣ ኤሲ1018 የ2004፣ ኤሲ1021 የ2007፣ ኤሲ1032 የ2018 ቅርጽ ነው። ሳታስቀምጡ ዝጉት! ኖትፓድ ውስጥ ያስቀመጠ ሰው ፋይሉን ቀብሮታል።

ኮምፓቲቢሊቲ ሞድ እና ማሽን ውስጥ ያለ ማሽን

ፕሮግራሙ ላይ ራይት ክሊክ አድርጎ «ኮምፓቲቢሊቲ» የሚለውን መምረጥ ሁሉም ሰው የሚያውቀው ዘዴ ነው። የሚሠራውን ግን ጥቂት ሰው ነው የሚያውቀው። ይዋሻል። ፕሮግራሙ «የስንተኛው ዊንዶውስ ላይ ነኝ?» ብሎ ሲጠይቅ «ዊንዶውስ ኤክስፒ ላይ ነህ» ይለዋል፤ ሌሎች ጥቂት የድሮ ልማዶችንም ያስመስልለታል። የሥሪት ቁጥር አይቶ ለሚያኮርፍ ፕሮግራም ይህ ይበቃዋል። 16 ቢትን ወይም ድራይቨርን ግን በውሸት ማዳን አይቻልም። የሦስተኛው ፕሮግራም የጤፍ ፍሬ ምልክቶችም የተፈቱት በዚሁ ገጽ ነው፦ የዲፒአይ (የስክሪን ነጥቦች ጥግግት) ቅንብሩን ከፍተን ማጉላቱን ዊንዶውስ ራሱ እንዲይዘው አዘዝነው፤ ጽሑፉ ትንሽ ደበዘዘ፣ ግን ተነበበ።

ሌላው ሁሉ ሲያቅት ቨርችዋል ማሽን አለ። እንደ ቨርችዋልቦክስ ያለ ፕሮግራም በአዲሱ ኮምፒውተር ውስጥ ሙሉ የሐሰት ኮምፒውተር ይሠራል፤ ዲስክ አለው፣ ራም አለው፣ ውስጡ ኤክስፒ ይጫናል። በግቢ ውስጥ የ1 ሜትር ሐዲድ እንደመዘርጋት ነው፤ አሮጌው ፉርጎ እዚያ ውስጥ እንደልቡ ይሄዳል። ለኤክስፒ 1 ጊጋባይት ራምና 20 ጊጋባይት ዲስክ ይበቃል። ባዮስ (ኮምፒውተሩ ሲነሣ የሚከፈት ቅንብር) ውስጥ የቨርችዋላይዜሽን ፈቃዱ መከፈት አለበት። የዩኤስቢ ዶንግልና የሲሪያል ኬብልም ወደ ውስጥ ማሳለፍ ይቻላል፤ የድሮው 32 ቢት ድራይቨር እዚያ ውስጥ አገሩ ነውና ይሠራል። ባለ ሦስት ገጽታ ሥዕል ላይ ግን ደካማ ነው። ለንጹሕ የዶስ ፕሮግራም ደግሞ ዶስቦክስ ይቀላል፤ መጀመሪያ ለጌም የተሠራ ስለሆነ ማተም ላይ ያስቸግራል እንጂ ስሌቱን ይሠራል።

አንድ ጥብቅ ነገር፦ ማይክሮሶፍት ለኤክስፒ የደኅንነት ማስተካከያ ማውጣት ያቆመው መጋቢት 30 ቀን 2006 ዓ.ም. ነው። ውስጠኛውን ማሽን ከኢንተርኔት ነቅላችሁ አኑሩት፤ ፋይል በጋራ ፎልደር ያስገባል፣ ያስወጣል። ዊንዶውስ 10 ራሱ መደበኛ ድጋፉ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል፤ «እኔ አልቀይርም» የሚለውም ወረፋው ደርሶታል።

ወዳጄ ሻዩን ጨርሶ ተነሣ። «ታዲያ ያን የድሮውን ዴስክቶፕ ልሸኘው? ሚስቴ ቦታ ያዘ እያለች ነው።»

«ሳትገለብጠው እንዳትነካው» አልኩት። ሙሉ ዲስክን እንዳለ ወደ አንድ ፋይል የሚገለብጡ መሣሪያዎች አሉ፤ ያ ፋይል ቨርችዋል ማሽን ውስጥ ይነሣል። መጀመሪያ ላይ ሰማያዊ ስክሪን ካሳየ የሐሰቱን ዲስክ ዓይነት ወደ አይዲኢ (የድሮው የዲስክ ግንኙነት) መቀየር ብዙ ጊዜ ይፈታዋል፤ ኤክስፒው አዲስ ማሽን ላይ ያለ መስሎት እንደገና አክቲቬሽን ሊጠይቅም ይችላል። ግን ይኼ ሁሉ የሚሆነው ዲስኩ እስከተነበበ ድረስ ነው። የድሬ ሙቀት፣ አቧራና የመብራት መቆራረጥ ሃያ ዓመት የገረፈው ዲስክ መቼ እንደሚሞት አይታወቅም።

«ስለዚህ ዛሬ ማታ» አልኩት፣ «ጠዋት ሳይሆን።»

«አቦ ዛሬ ማታማ ኳስ አለ» ብሎ ላፕቶፑን አጠፈ።